ቤተ ክርስቲያኑም ከእንቁላል ነው የወጣው? ስለ «ፈለፈለ» ትርጉም፣ አጠቃቀምና አመጣጥ

የቅዳሜ መምህርት (ቨርጂኒያ)

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከ8 እስከ 11 ዓመት ያሉ ናቸው፣ አብዛኞቹ እዚሁ የተወለዱ። ባለፈው ቅዳሜ ስለ ላሊበላ አጭር ምንባብ እያነበብን «ከአንድ ወጥ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ» የሚለው ላይ ስንደርስ አንዲት የ9 ዓመት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ያን ጊዜ ጫጩቷ ተፈለፈለች ብለን ተምረን የለ? ቤተ ክርስቲያኑም ከእንቁላል ነው የወጣው?»

ጓደኞቿ ሳቁባት። እኔ አልሳቅሁም፤ ጥያቄዋ ልክ ነውና። «እዚህ ላይ ቆፈረ ማለት ነው» ብዬ ላልፈው ስል ደግሞ አፌ ላይ ቀረ። እኔ ራሴ በቆሎ ስፈለፍል ነው ያደግሁት። በቆሎ አይቆፈርም፣ እንቁላልም አይቆፈርም። ሦስቱን አንድ ቦታ አስቀምጬ አስቤያቸው አላውቅም ነበር።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ መልስ እንደማመጣላት ቃል ገብቻለሁ። ይህ አንድ ቃል ነው ወይስ በአጋጣሚ የተመሳሰሉ ሦስት ቃላት? ከቆፈረ፣ ከማሰና ከወቀረ በምን ይለያል? ከየትስ መጣ? ለልጅ በሚገባ መንገድ የምታስረዱኝ ካላችሁ እጅግ አመሰግናለሁ።

የቡሬ ልጅ

መምህርት፣ ከበቆሎው ልጀምርልሽ። ያደግሁት ምዕራብ ጎጃም ቡሬ አካባቢ ነው፣ የበቆሎ አገር።

በቆሎው ደርቆ ከማሳ ከገባ በኋላ ልብሱ ይገፈፋል። ማታ ማታ ቤተሰቡ እሳቱን ከቦ ይቀመጥና መፈልፈል ይጀምራል። የሚከብደው የመጀመሪያው መስመር ነው። ፍሬው ጥርስ ለጥርስ ገጥሞ ስለሚቆም ጣት የሚያስገባ ክፍተት የለውም። አንዱን መስመር በምስማር ወይም በጠንካራ ጥፍር ፈንቅለሽ ካስለቀቅሽ በኋላ ግን ቀሪውን በአውራ ጣት ገፋ ገፋ ስታደርጊው ሰፌዱ ላይ እየተንጣጣ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ እጅሽ ውስጥ የሚቀረው ቆረቆንዳው ነው፣ እሱ ለማገዶ ይሆናል።

አሁን ቃሉን ልብ በይው። በቆሎው ብዙ ሲሆንና ጊዜ ሲጠፋ ጆንያ ውስጥ ከትተን በዱላ እንመታዋለን። ያኔ «ወቃን» እንላለን፣ «ፈለፈልን» አንልም። ዱላ ፍሬ አይመርጥም። ጣት ግን እያንዳንዷን ፍሬ ከተቀመጠችበት ቤቷ ነው የሚያወጣት። ባቄላና አተርም እንደዚሁ ነው፤ እሸቱ ይፈለፈላል፣ ሲደርቅ አውድማ ላይ ይወቃል። እህሉ ያው ነው፣ ቃሉን የሚለውጠው የእጁ ሥራ ነው። ጤፍ ሲፈለፈል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ጤፍ ሁልጊዜ ይወቃል።

አሁን ሞተር ያለው መሣሪያ መጥቶ በአንድ ሰዓት የስንቱን ቤተሰብ የማታ ሥራ ይጨርሳል። ስሙ ግን «የበቆሎ መፈልፈያ» ሆኖ ቀረ፣ የአውራ ጣትን ሥራ ስለተረከበ።

እሸት ናፋቂ

ይቅርታ ከርዕሱ ልወጣ ነው፤ «ባቄላ እሸት» ስትል እናቴ ጉልበቷ ላይ ነጠላዋን ዘርግታ ስትፈለፍል አየኋት። ከሦስቱ አንዱን ወደ አፌ፣ ሁለቱን ወደ ድስቱ። አመሰግናለሁ ወንድሜ።

የላስታ አስጎብኚ

መምህርት፣ ተማሪሽን ሳሚልኝ። ላሊበላ ውስጥ ለብዙ ዓመታት እንግዳ ሳስጎበኝ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም።

በእኔ እምነት ላሊበላን በትክክል ለማስረዳት አንድ ግሥ አይበቃም፣ ሦስት ያስፈልጋሉ። ቤተ መድኃኔ ዓለምን ውሰጂ። ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ወርዱ 23 ሜትር፣ ከፍታው 11 ሜትር ያህል ነው፣ ሁሉም አንድ ድንጋይ። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ከላይ፣ ከመሬቱ ደረጃ ተነሥተው ዙሪያውን ጥልቅ ቦይ ቆፈሩ። ይህ መቆፈር ነው፤ የሚወጣው ይጣላል፣ የሚቀረው ባዶ ጉድጓድ ነው። ከዚያ መሐል ላይ ብቻውን የቆመውን ግዙፍ ድንጋይ ከውጭ በኩል ጠረቡት፤ ግድግዳውን አቀኑ፣ ዓምዱን፣ መስኮቱንና ጣራውን አወጡ። ይህ መጥረብ ነው። ከዚያ በበርና በመስኮት በኩል ገብተው ሆዱን አወጡት፣ ምሰሶውንና ቅስቱን እያስቀሩ። መፈልፈል ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ፈለፈለ የውስጥ ሥራ ነው። ቆፋሪ ወደ ታች ይሄዳል፣ ጠራቢ ከውጭ ወደ ውስጥ ይመጣል፣ ፈልፋይ ግን ከቅርፊት ውስጥ ገብቶ ያወጣል። የቡሬው ወንድማችን እንዳለው አንድ በአንድ ነው፤ ይህ ደግሞ ለእኛ ሥራ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር። ግንበኛ ሲሳሳት ድንጋዩን አንሥቶ ሌላ ይተካል። ከአለት የሚፈለፍል ሰው የወሰደውን መልሶ መለጠፍ አይችልም። ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆማችሁ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች ስታዩ ይህን አስቡት፤ ያንን መስቀል ያስገኘው የተነሣው ድንጋይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ መማሪያ ጽሑፎች ላይ ሁሌ ስለሚያሳዝነኝ። ይምርሐነ ክርስቶስን «ፍልፍል» እያሉ የሚጽፉ አሉ። ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ በድንጋይና በእንጨት የተገነባ ነው፣ አልተፈለፈለም። በተቃራኒው ቤተ አባ ሊባኖስ ጎኖቹ ሁሉ ከአለቱ ተላቅቀው ጣራው ብቻ ከላይኛው አለት ጋር እንደተያያዘ የቀረ ነው። ለልጆቹ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ብታሳያቸው የግሡን ድንበር ያዩታል።

የቅኔ ቤት ተማሪ

አስጎብኚው ወንድሜ ጥሩ አስረድተሃል፣ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። የአብያተ ክርስቲያናቱ ትክክለኛ ግሥ ወቀረ ነው። «ውቅር አብያተ ክርስቲያናት» እንላለን። ትግራይ ውስጥ ያለችው የውቅሮ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ሥራ ነው፤ ውቅሮ ጨርቆስ እዚያው ከአለት ወጥቶ ቆሟል። በ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስም ማቴዎስ 27፥60 ላይ የአርማትያሱ ዮሴፍ መቃብሩን ከዓለት «ወቀረው» እንጂ ፈለፈለው አይልም። ፈለፈለ የጓዳ ቃል ነው። የቅዱስ ቦታ ሥራ በግዕዙ ቃል ቢጠራ ይሻላል ባይ ነኝ።

ስለ አመጣጡ ደግሞ። በግዕዝ ፈልፈለ ሲባል ውሃ ከምድር ፈንቅሎ ቡልቅ ብሎ መውጣት ነው፣ የምንጭ ግሥ ነው። አማርኛ ይህን ወስዶ አድራጊና ተደራጊ አበጀለት። በግዕዙ ውሃው ራሱ ይወጣል፣ በአማርኛው ደግሞ ሰው ያወጣዋል። ነገሩ ግን ያው ነው፤ ተዘግቶ የነበረ ነገር ተከፍቶ በውስጡ ያለው ወደ ውጭ ይመጣል።

ዘመዶቹን ደግሞ ተመልከቱ። ፈለቀ፦ ምንጭ ምድርን ሰንጥቆ ወጣ። ፈለጠ፦ እንጨትን ለሁለት ከፈለ፤ በግዕዝ ለየ ማለት ነው። ፈለቀቀ፦ ተጣብቆ ወይም ተቀብሮ ያለውን አላቅቆ አወጣ። በግዕዝ ወንዝ ፈለግ ይባላል። በዐረብኛ ፈለቀ ሰነጠቀ ነው፣ በዕብራይስጥ ፓለግ ከፈለ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት 10፥25 ላይ የዔቦርን ልጅ ፋሌቅ ያሰኘው ምድር በዘመኑ ስለተከፈለች ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ «ፈለ» የሚለው ድምፅ አንድ ነገር ሲከፈት ይሰማል።

ቅርጹም ይናገራል። ፈለ፣ ፈለ፤ ድምፁ ሁለት ጊዜ ይመጣል። አማርኛ እንዲህ ያለ ግሥ ሲያበጅ ሥራው በአንድ ምት የማያልቅ፣ የሚደጋገም መሆኑን በድምፁ ያሳያል፦ ሰረሰረ፣ ቦረቦረ፣ ጎረጎረ፣ ሸረሸረ፣ ፈረፈረ። አንዲት የበቆሎ ፍሬ ያስለቀቀ ሰው ፈንቅሎ አወጣ እንጂ ፈለፈለ አይባልም።

የወፍጮ ድንጋይ

ልጄ፣ እኔ የተማርኩት በወፍጮ ሥር ነው፣ ስለ ወቀረ ግን ልነግርህ እችላለሁ።

የእጅ ወፍጮ ብዙ ከፈጨ ፊቱ ይለሰልሳል፤ እህሉ ከመጁ ሥር እየተንሸራተተ አልደቅ ይላል። ያን ጊዜ መውቀሪያ ይወሰድና ፊቱ ቸብ ቸብ እየተደረገ ይወቀራል፣ ሻካራ እስኪሆን። ከተወቀረ በኋላ መጀመሪያ የሚፈጨው ዱቄት ድንጋይ ድንጋይ ስለሚል ለቤት ሰው አይሰጥም። እናቴ ስትወቅር ፊቷን በነጠላዋ ትከልል ነበር፣ ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋልና።

እና ወቀረ ማለት የጫፉ ምት ነው፤ ድንጋይን በሹል ነገር ቸብ ማድረግ። ወፍጮ ሲወቀር ውስጡ አይወጣም፣ ወፍጮም ባዶ አይሆንም። ሙቀጫ ግን ከግንድ ሲሠራ ሆዱ ይወጣል፤ ስለዚህ «ሙቀጫ ፈለፈለ» እንላለን። ሁለቱም የተከበሩ ቃላት ናቸው። ፈለፈለን የጓዳ ነው ብለህ አታሳንሰው፤ ጓዳ ባይኖር ቅኔውም ባልተቀኘ።

የቅኔ ቤት ተማሪ

እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ትክክል ነዎት። መውቀሪያውን ረስቼው ነበር። እንግዲያስ ወቀረ የመሣሪያው ግሥ ነው፣ ፈለፈለ ደግሞ ከሥራው የሚገኘው ውጤት ግሥ። ላሊበላ ላይ እየወቀሩ ፈለፈሉ ማለት ይቻላል።

የላስታ አስጎብኚ

ይህን አረፍተ ነገር ከነገ ጀምሮ እንግዶቼ ፊት እጠቀምበታለሁ። እማማ፣ እግዜር ይስጥልን።

ቢሾፍቱ ዶሮ

ወደ ጫጩቷ እንመለስ፣ ልጅቷ የጠየቀችው እሱን ነውና።

እዚህ በሥራችን «ፈለፈለ» በሦስት መንገድ ይነገራል። ዶሮዋ ፈለፈለች፤ ታቅፋ አወጣች ማለት ነው። ጫጩቷ ተፈለፈለች፤ ወጣች። እንቁላሉ ተፈለፈለ፤ ተከፍቶ ባዶውን ቀረ። ሙቀት የሚሰጠውን መሣሪያ «ማስፈልፈያ» የምንለው ራሱ ስለማይፈለፍል ነው፣ ሙቀቱን እየጠበቀ እንዲፈለፈል ያደርጋል እንጂ።

ታዲያ በእውነት የሚፈለፍለው ማን ነው? እኔ ጫጩቷ ናት እላለሁ። 21ኛው ቀን ላይ ጆሮህን ወደ እንቁላሉ ብታስጠጋ ከውስጥ ድምፅ ትሰማለህ። ጫጩቷ ምንቃሯ ጫፍ ላይ ጠንካራ ትንሽ ጉብታ ይዛ ትመጣለች። በእሷ በሰፊው የእንቁላል ወገን ቅርፊቱን ትበሳለች፣ ታርፋለች፣ ዞር ትላለች፣ እንደገና ትበሳለች። ዙሪያውን ስትጨርስ በእግሯ ገፍታ ክዳኑን ትከፍተዋለች። በጥቂት ቀን ውስጥ ያ ጉብታ ይረግፋል፣ ሥራው አልቋልና። ልጀምር ከምትልበት ሰዓት እስክትወጣ አንዳንዴ ሙሉ ቀን ይፈጅባታል። አዲስ አርቢ አሳዝናው ቅርፊቱን ሲፈለቅቅላት ብዙ ጊዜ ትሞትበታለች፤ የደም ሥሮቿ ገና ከሽፋኑ አልተላቀቁምና።

ስለዚህ ለልጅቷ እንዲህ ማለት የሚቻል ይመስለኛል፦ በቆሎን ሰው ከውጭ ይፈለፍለዋል፣ ጫጩት ከውስጥ ትፈለፍላለች፣ ቤተ ክርስቲያኑን ደግሞ ሰው ውስጡ ገብቶ ፈለፈለው።

ሪያድ ያለሁት

እዚህ በየመንገዱ የሚሸጠው «ፈላፍል» የእኛው ፍልፍል አይደለም? ከሽምብራ አይደል የሚሠራው፣ ሽምብራ ደግሞ ይፈለፈላል። ሌላው ጥያቄዬ፦ ዐረቦች ቆፈረን «ሐፈረ» ይሉታል። ቆፈረ ከዚያ መጣ?

የቅኔ ቤት ተማሪ

ወንድሜ፣ ጆሮህ ንቁ ነው፣ ግን ሁለቱም አያስኬዱም። ፈላፍል የፊልፊል ብዙ ቁጥር ነው፣ ፊልፊል ደግሞ በዐረብኛ በርበሬ ነው። የምግቡ ስም የሚያያዘው ከቅመሙ ጋር እንጂ ከሽምብራው መፈልፈል ጋር አይደለም።

ሐፈረን በተመለከተ የድምፅ ሕግ አለ። ዐረብኛና ግዕዝ ሐ የሚሉትን አማርኛ ወደ አ ይለውጠዋል እንጂ ወደ ቀ አይወስደውም። ሐረሰ አረሰ ሆነ፣ ሐለመ አለመ ሆነ። ሐፈረ በዚህ መንገድ ቢመጣ «አፈረ» ይሆን ነበር። ሁለት ቃላት ስለተመሳሰሉ ብቻ ማጋባት የለብንም፤ እኔም ከላይ የፈለቀን ቤተሰብ ስቆጥር ፈለሰን ያላስገባሁት ለዚህ ነው። ድምፁ ይመሳሰላል፣ ነገሩ ግን የመሄድ እንጂ የመከፈት አይደለም።

ከነታንያ

ሰላም፣ ከእስራኤል ነኝ። በዕብራይስጥም ሐፈረ መቆፈር ነው። ወጣቶቹ ግን ለሌላ ነገር ያውሉታል። አንድ ሰው ወሬ ሲያበዛብህ፣ አንዱን ነገር ሲደጋግምብህ «አትቆፍርብኝ» ይሉታል። የአጎቴ ልጅ አባቱን እንዲህ አለው፣ በአማርኛ ተርጉሞ፦ «አባዬ፣ አትቆፍርብኝ»። አባቱ ደነገጠ፤ ጉድጓድ የምቆፍርብህ መሰለህ ወይ ብሎ አዘነ። በእኛ ቋንቋ ለሰው መቆፈር ወጥመድ ነውና። «ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው» እየተባለ ያደገ ሰው ነው። ልጁ ማለት የነበረበት «አትነዝንዘኝ» ነው፣ እሱንም ለአባት አይባልም። እዚህ ሁለቱን ቋንቋ የሚያስተምር ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው ብዬ ነው።

የባሌ ሰው

ማንም እስካሁን ፍልፈልን አለማንሣቱ ገረመኝ! ስሙ ውስጥ ግሡ ቁልጭ ብሎ አለ።

ደገኛ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል፤ ድንች ወይም እንሰት ከሥሩ የሚበላ፣ ማሳ ላይ የአፈር ክምር እየገፋ የሚያወጣ። እኛ ጋ ሳነቴ ላይ ከ4000 ሜትር በላይ ያለው ግን ግዙፉ ፍልፈል ነው፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የለም። ክብደቱ ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል። ከጉድጓዱ ወገቡ ድረስ ብቻ ወጥቶ በአቅራቢያው ያለውን ሣር ያጭድና ወደ ኋላው ይመለሳል። ቀይ ቀበሮ የምትኖርበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ባሌ ውስጥ ዋና ምግቧ እሱ ነው። ስታድን ማየት ትዕግሥት ያስተምራል፦ ሆዷ መሬት እስኪነካ አጎንብሳ ትጠጋለች፣ ፍልፈሉ ጭንቅላቱን እስኪያወጣ ሳትንቀሳቀስ ትጠብቃለች፣ ከገባባት ደግሞ በፊት እግሮቿ መሬቱን ትምሳለች።

እዚህ ላይ ሁለቱን ግሦች አየኋቸው። ቀበሮዋ ትምሳለች፦ አፈሩን እያነሣች ወደ ታች ትወርዳለች። ፍልፈሉ ግን ምድሩን ከውስጥ ይፈለፍላል፤ ከላይ ሣሩ እንዳለ ነው፣ ሥሩ መንገድ በመንገድ ሆኗል። ከሳነቴ በፈረስ የሄደ ሰው ፈረሱ ጉልበቱ ድረስ ሲሰምጥ ያውቀዋል።

የቅኔ ቤት ተማሪ

ማሰን ስላነሣኸው፦ መዝሙር 7፥15 ላይ «ጕድጓድን ማሰ ቈፈረም» ይላል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦአቸዋል። ማሰ ከአፈር ጋር ነው፣ መቃብር ይማሳል። ቆፈረ ደግሞ ሰፋ ይላል፣ የሌባውንም ግድግዳ ይጨምራል፤ ማቴዎስ 6 ላይ ሌቦች ቆፍረው ይሰርቃሉ፣ እኛ ዛሬ «ሰርስረው ገቡ» የምንለውን ማለቱ ነው።

የቅርስ ተማሪ

እኔ አዲስ አበባ የቅርስ ጥናት ተማሪ ነኝ። በትምህርታችን «ቁፋሮ» የሚለው ቃል ሁሉን ውጦታል፣ ይህም ያናድደኛል። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ።

ሉሲን፣ ድንቅነሽን፣ «ተቆፍራ ወጣች» የሚል ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ታያላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ ስትገኝ የመጀመሪያው አጥንት በጎርፍ ተሸርሽሮ ከተዳፋቱ ላይ ብቅ ብሎ ነው የታየው። መሬቱን የከፈተው ዝናቡ ነበር። ከዚያ በኋላ አፈሩ ተነፍቶ ስብርባሪው ተለቀመ።

ሰላም ግን ሌላ ነች። እ.ኤ.አ. በ2000 ዲኪካ ላይ የዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ሲያገኛት የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት የሕፃን ልጅ አፅም ነበረች፤ ፊቷ ከአሸዋ ድንጋዩ ብቅ ብሏል፣ የቀረው ሰውነቷ ደንጊያው ውስጥ ተጠቅልሎ እንደ ሲሚንቶ ተጣብቋል። እሷን ከዚያ ለማውጣት ዓመታት ፈጀ። በጥርስ ሐኪም መሣሪያ፣ የአሸዋ ቅንጣት በቅንጣት፣ ከጎድን አጥንቶቹ መካከል፣ ከአከርካሪው ሥር፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ለዓለም እስክትገለጽ ድረስ። ከገላዋ ጋር የቆየችው ትንሿ የአንገት አጥንት ሳትቀር ተገኘች፣ እንደዚያ ቀስ ተብሎ ስለተሠራ።

ይህን ሥራ ቁፋሮ ማለት ሰውየው በዶማ እንደሠራው ማስመሰል ነው። ሰላም ተፈለፈለች። ይህን ቃል በሙዚየም ጽሑፍ ላይ ለማየት እመኛለሁ።

ዜና አርታኢ

በጣም ጥሩ ውይይት ነው። ከእኛ ሙያ አንድ ሁለት ነገር ላክል።

«ምስጢሩን ፈልፍሎ አወጣ» የምንለው ሰነድ ከሰነድ አገናኝቶ፣ ምስክር ከምስክር አመሳክሮ ላገኘ ዘጋቢ ነው። «ጎረጎረ» ግን ነቀፋ አለበት፤ የማያገባውን ገባ፣ የሰው ገበና ነካ እንደማለት ነው። «ቦረቦረ» ደግሞ ከውስጥ የሚበላ ነገር ነው፤ ነቀዝ እህሉን፣ ጎርፍ መሬቱን፣ ሙስና መሥሪያ ቤቱን ይቦረቡራል። ሦስቱም ከውስጥ ያወጣሉ፣ ግን ፈልፋይ የሚያወጣውን ያከብራል፣ ቦርቧሪ ምንም አያስቀርም። «ጫረ» ደግሞ ከላይ ከላይ ነው፤ «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ማረጃዋን ካራ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ የምትፈልገውን ሳታውቅ የጫረች ያልፈለገችውን ታወጣለች።

ጣሊያን ሰፈር አንድ ሕንፃ ፈረሰ ተብሎ ዜና ሲመጣ ደግሞ «ከፍርስራሹ ቆፍረው አወጡት» የሚሉ አሉ። የሰውን ገላ በአካፋ የነኩት ያስመስለዋል። «ፈልቅቀው አወጡት» ነው የሚባለው።

ለመምህርት አንድ ማሳሰቢያ፦ «ልጅ ፈለፈለች» የሚለውን ለተማሪዎችሽ እንዳታስተምሪ። ብዙ የወለደችን ሴት እንደ ዶሮ መቁጠር ነው፣ ስድብ ነው። አንዱ ቤቱ ሰምቶ ካመጣው ግን ለምን እንደማይባል ንገሪው።

የቅዳሜ መምህርት (ቨርጂኒያ)

የተባረካችሁ ሰዎች! ቅዳሜ አለፈ፣ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

የደረቀ በቆሎ ከሜክሲኮዎች ሱቅ ገዛሁ። ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ አንድ የልብስ ሳሙናና አንድ የፕላስቲክ ማንኪያ። መጀመሪያ በቆሎውን ሰጠኋቸው። የመጀመሪያውን መስመር ማስለቀቅ አቃታቸው፣ ልክ የቡሬው ወንድሜ እንዳለው። ሲለቅላቸው ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፣ ፍሬው እስከ መስኮቱ ተበተነ። ከዚያ የጫጩቷን አወጣጥ ተንቀሳቃሽ ምስል አሳየኋቸው፣ እስክትወጣ ማንም ትንፍሽ አላለም። ከዚያ የአስጎብኚውን ሦስት ግሦች ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና «ሳሙናውን ቤት አድርጉት» አልኳቸው።

ሁለት ልጆች ግድግዳው ተደረመሰባቸው። አንደኛው መልሶ ሊለጥፈው ሞከረ፣ አልሆነለትም። የዚያን ጊዜ ያቺ የጠየቀችኝ ልጅ፣ የራሷን ሳሙና በማንኪያዋ ጫፍ ቀስ እያለች፣ «ቲቸር፣ እኔ የውስጥ ጫጩት ነኝ» አለችኝ። ቢሾፍቱ፣ ይህ ያንተ ነው።

እማማ፣ የሙቀጫውን ነገር ስነግራቸው አንዱ የአያቱን ሙቀጫ በስልክ አስቀርጾ አሳየን። ሆዱ ውስጥ የመሣሪያው ጠባሳ እስካሁን ይታያል።

አሁን አዲስ ጥያቄ አመጣችልኝ። ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን የሳሙና ስብርባሪ እያሳየችኝ «ይህስ ምን ይባላል? የላሊበላውስ የት ሄደ?»

የወፍጮ ድንጋይ

የሳሙናው ፍቅፋቂ ይባላል ልጄ። ከፈቀፈቀ ነው። ሰብስበሽ ውሃ ውስጥ ክተችው፣ ልብስ ያጥባል።

የላስታ አስጎብኚ

የላሊበላው ደግሞ ሩቅ አልሄደም። ከአለቱ የወጣው ስብርባሪ እዚያው አካባቢ ተከምሮ ቀርቷል፣ ላዩ ሣርና ዛፍ ለብሶ። ብዙ እንግዳ እሱ ላይ ቆሞ ነው ፎቶ የሚነሣው። ስትመጣ እኔ ራሴ አሳያታለሁ።